ፈጥኖ ተኩሶ ወደ ኋላ መቅረት፦ ስለ ተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በክለብ ደረጃ ሁለት ዓመት ከተወዳደርኩ በኋላ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊ የተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ ሻምፒዮና ላይ ተሳትፌአለሁ፤ የምወዳደረው በፕሮዳክሽን ምድብ (የፋብሪካ ሽጉጥ ብዙ ሳይቀየር በሚተኮስበት) ነው። በአብዛኞቹ ጣቢያዎች (ዒላማዎች ተደርድረው ሰዓት እየተያዘ በሚተኮስባቸው ቦታዎች) የተመዘገበልኝ ሰዓት ከቡድኔ አባላት ሁሉ ያነሰ ነበር። ይሁንና ውጤቱ ሲለጠፍ ከእኔ በግልጽ ዝግ ይሉ ከነበሩ ሰዎች በታች ሆኜ ተገኘሁ። በስሌቱ ላይ ስሕተት ይኖር ይሆን?

መልስ፦ በስሌቱ ላይ ስሕተት ከመፈለግዎ በፊት የተኮሱባቸውን ወረቀቶች ቢያስታውሱ ይሻላል እላለሁ። በዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ደንብ መሠረት የአንድ ጣቢያ ውጤት የሚወጣው ያገኙት ነጥብ ለፈጀብዎ ሰከንድ ተካፍሎ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ሂት ፋክተር ይባላል። በእርስዎ ምድብ ጥይት ሁሉ በማይነር (በአነስተኛው የጥይት ጉልበት ደረጃ) ስለሚቆጠር የወረቀት ዒላማው መሐል የሆነው ኤ ክልል 5፣ ዙሪያው ያለው ሲ 3፣ የዳሩ ዲ ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። ዒላማን መሳት ግን ነጥብ በማጣት ብቻ አያበቃም፤ 10 ነጥብ ያስቀጣል። ስለዚህ ኤ ላይ ማረፍ የነበረባት አንዲት ጥይት ከሳተች 15 ነጥብ ይዛ ሄደች ማለት ነው።

12 ጥይት የሚጠይቅና 60 ነጥብ የሚያዝበት አንድ አጭር ጣቢያ እንውሰድ። ያ ዝግ የሚለው ሰው ሁሉንም ኤ ላይ አሳርፎ በ8 ሰከንድ ቢጨርስ ሂት ፋክተሩ 7.5 ይሆናል። እርስዎ በ6.5 ሰከንድ ጨርሰው 9 ኤ እና 2 ሲ ቢያገኙ፣ አንዷን ግን ቢስቱ፣ ከ51 ነጥብዎ 10 ተቀንሶ 41 ይቀርና ሂት ፋክተርዎ 6.31 ላይ ይቆማል። ጣቢያውን ያሸነፈው ሙሉውን 60 ሲወስድ ሌላው ሰው የሚያገኘው ሂት ፋክተሩ ከአሸናፊው ጋር ባለው ንጽጽር ልክ በመሆኑ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ቀድመው የጨረሱት እርስዎ 50.5 ገደማ ይዘው ይወጣሉ።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያውስ በዝግታ ልተኩስ» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይደርሱ እሰጋለሁ፤ ብዙ ጀማሪዎች ከመጀመሪያ ሻምፒዮናቸው የሚወስዱት ትምህርት ይኸው ነውና። ያቺ የሳተች ጥይት ሲ ላይ እንኳ አርፋ ቢሆን ኖሮ 54 ነጥብ ለ6.5 ሰከንድ ተካፍሎ 8.31 ይሆንና ጣቢያውን በሰፊ ልዩነት ያሸንፉ ነበር። ፍጥነትዎ አልጎዳዎትም ማለት ነው፤ የጎዳዎት የሳተውን አለማየትዎ ነው። ሂት ፋክተሩ 7.5 አካባቢ በሆነ ጣቢያ ላይ በኤ እና በሲ መካከል ያለው የ2 ነጥብ ልዩነት ዋጋው ከሰከንድ ሩብ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ብሎ አንድ ሙሉ ሰከንድ መቆም ኪሳራ ይሆናል። የመሳት ዋጋ ግን 2 ሰከንድ ነው። የጥይት ቁጥር በማይገደብባቸው ጣቢያዎች ከእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የሚቆጠረው የተሻለው ምት ስለሆነ፣ ቃታውን በሳቡበት ቅጽበት የፊተኛው ማነጣጠሪያ ወዴት እንደነበረ ካዩና ከተጠራጠሩ፣ ከዚያ ዒላማ ሳይነሡ አንዲት ጥይት መጨመሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያዋጣል። ሮጠው ካለፉ በኋላ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሒሳቡ ይገለበጣል።

የጣቢያዎቹንም ክብደት አይዘንጉ። አጭሩ እስከ 12፣ መካከለኛው እስከ 24፣ ረጅሙ እስከ 32 ጥይት የሚጠይቅ ሲሆን፣ የ32ቱ ጣቢያ 160 ነጥብ ይያዝበታል። በእሱ ላይ አንድ አምስተኛ ማጣት 32 ነጥብ ማጣት ስለሆነ፣ ከአንድ አጭር ጣቢያ ግማሽ ይበልጣል። በምድብዎ ካዝና የሚጎርሰው እስከ 15 ጥይት በመሆኑ ረጅሙን ጣቢያ ካዝና ሳይቀይሩ መጨረስ አይቻልም። ከተኩሱ በፊት ጣቢያውን ተዘዋውረው በሚያዩበት የጉብኝት ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ሊወስኑ የሚገባዎት ካዝናውን በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሚቀይሩ ነው፤ ቆሞ ካዝና የሚቀይር ተኳሽ ባየሁ ቁጥር ጉብኝቱን በወሬ ያሳለፈ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጥይቴን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። በሻምፒዮናው የጥይት ጉልበት ይለካል ስለተባልኩ ሠጋሁ። ምን ያህል ቢሆን ይበቃል?

መልስ፦ የጥይት ጉልበት የሚለካበት ፓወር ፋክተር የሚባለው የእርሳሱ (ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ክብደት በግሬን፣ በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የማይነር ዝቅተኛው ልክ 125 ነው። 124 ግሬን የሚመዝን እርሳስ በ1000 ጫማ በሰከንድ ቢወጣ 124 ብቻ ስለሚሆን ይወድቃል፤ በ1050 ቢወጣ ግን 130.2 ይሆንና በሰላም ያልፋል። ሜጀር (ከፍተኛው የጉልበት ደረጃ) ብሎ አስመዝግቦ ልኩን ያልሞላ ተወዳዳሪ ወደ ማይነር ይወርዳል፤ ከ125 በታች የሆነው ግን መተኮሱን ሊቀጥል ቢችልም ውጤት አይያዝለትም። ሁለት የፍጥነት መለኪያዎች ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ስለማይሰጡ፣ የባሩዱም ባሕርይ ከአየሩ ጋር ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ልኩ ላይ ከመንጠልጠል አምስት ያህል ከፍ ማለት ብልህነት ነው። ከዚያ በላይ መጨመር በማይነር ነጥብ አያስገኝም፤ ትርፉ እጅ ላይ የሚበረታ የሽጉጡ ግፊት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ጣቢያ ላይ ከውድድሩ ተባረረ፤ ማንም አልተጎዳም ነበር። እኔም በቅርቡ ስለምወዳደር በዚሁ ፍርሃት እጄ ተይዟል። አንድ ስሕተት ሙሉ ውድድርን ማሳጣቱ አልበዛም?

መልስ፦ አልበዛም። ቅጣቱ ሰው እስኪጎዳ ቢጠብቅ ይህ ስፖርት ባልኖረ ነበር። ተወዳዳሪ ከሚባረርባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ አፈሙዙ ከተፈቀደው የ90 ዲግሪ አቅጣጫ ማለፉ፣ ሲንቀሳቀሱ ወይም ካዝና ሲቀይሩ ጣት በቃታው መከለያ ውስጥ መገኘቱ፣ ባልታሰበ ጊዜ ጥይት መባረቁና ሽጉጥ በውድድር ላይ ከእጅ መውደቁ ናቸው። ሽጉጥ እንጂ ጥይት የማይነካበትን የደኅንነት ሥፍራ ደንብም ቀለል አድርገው አይዩት። ሽጉጥ ከውድድር ውጭ ቢወድቅ የሚያነሣው ዳኛው ነው፤ በድንጋጤ ጎንበስ ብሎ ራሱ ያነሣ ሰው ይባረራል።

ፍርሃትዎን የሚያቀልለው ልምምዱን አደጋው ባለበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። ሽጉጡን በቀኝ እጅ ይዘው ወደ ግራ እየሮጡ ካዝና መቀየር አፈሙዙን ወደ ጎን የሚጎትት እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ በባዶ ሽጉጥ ደግመው ደጋግመው ይሥሩት። ማስጀመሪያው ድምፅ ዳኛው «ተጠባበቁ» ካለ በኋላ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚሰማ እሱን መቅደም አያስፈልግም። የመጨረሻው ዒላማ ከወደቀ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ዳኛው አውርደው ባዶ መሆኑን እንዲያሳዩ ሲያዝዝዎት ካዝናውን ነቅለው፣ በበርሜሉ የቀረውን ጥይት አውጥተው፣ ውስጡን በዓይንዎ አይተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ቃታውን ይሳቡ፤ በዚያች ቅጽበት የሚባርቅ ጥይት ጣቢያውን ምንም ያህል አሳምረው ቢጨርሱም ያስባርርዎታል።