የተማሪዎች ጥያቄና መልስ፦ መምራት የሚለመደው በምን ሥራ ነው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ «የአመራር ሥልጠና የት አገኛለሁ?» ብለው ይጀምራሉ። ሥልጠናው አይጎዳም። መምራት ግን የሚለመደው አንድ ትንሽ ሥራ ተረክቦ ዳር በማድረስና የሆነውን ሳይረሱ ቁጭ ብሎ በመመርመር ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍላችን 58 ተማሪ አለው። ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ የክፍል ተጠሪ ሆንኩ። እስካሁን የሠራሁት የመምህራንን መልእክት ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ከዚህ ምን እማራለሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ግቢ ውስጥ ካሉት ኃላፊነቶች እንደ ክፍል ተጠሪነት የተናቀ የለም፤ እንደ እሱ የሚያስተምርም ጥቂት ነው። ተጠሪ መምህሩንም ሆነ ክፍሉን ማዘዝ አይችልም። ያለው ነገር መታመን ብቻ ነው።

መታመን ደግሞ ከምትለጥፈው መልእክት ይጀምራል። ቴሌግራሙን ለሁለት ክፈለው፦ አንተ ብቻ የምትለጥፍበት ቻናል፣ ሁሉም የሚያወራበት ግሩፕ። የፈተና ቀን በጨዋታ መሃል ተቀብሮ ያመለጠው ተማሪ ቢወቅስህ አይፈረድበትም። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመማሪያ ክፍሉን ቁጥርና ከማን እንደሰማኸው ይያዝ። ሰዓቱን «ጠዋት 3 ሰዓት» ብለህ ጻፍ። «9፡00» ብቻ ካልክ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነበው ጠዋት ይመጣል፣ በእኛ የሚያነበው ከሰዓት በኋላ። «ሜካፕ ክላስ (ማካካሻ ትምህርት) አለ መሰለኝ» የሚለውን ወሬም ከመምህሩ ሳታረጋግጥ አትንካው።

ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ድርድሩ ላይ ነው። ሦስት ፈተና በአንድ ሳምንት ተደራረበ እንበል። ቢሮ ድረስ ሄዶ «ተማሪው ተጨንቋል፣ ይዘዋወርልን» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ መምህሩ እሺ ቢሉ ቀኑንም የመፈተኛ ክፍሉንም የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸውና። ስለዚህ መጀመሪያ የሁሉንም ኮርስ የፈተና ቀን በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ አድርገው። ሁለት አማራጭ ቀን ምረጥ፤ በእነዚያ ቀናት ባዶ ክፍል መኖሩን ከዲፓርትመንቱ አጣራ። ከዚያ ክፍሉን ድምፅ አሰጥና ስንት እንደደገፈ፣ ስንት እንደተቃወመ መዝግብ። ወደ መምህሩ ስትሄድ ከተቃወሙት አንዱን ይዘህ ሂድ፤ በኋላ «ተጠሪው የራሱን ፍላጎት ነው የተናገረው» የሚል አይኖርም። መምህሩ እንቢ ካሉም ከነምክንያታቸው በዚያው ዕለት ለክፍሉ ንገር።

ተጠሪዎችን የሚጥሏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እዚያው ቆሞ ቃል መግባት ነው። «ክፍሉን ጠይቄ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» ማለትን ልመድ። ሁለተኛው ይከፋል፦ የክፍሉን ቁጣ ለመምህሩ አለሳልሶ፣ የመምህሩን ቃል ለክፍሉ አክርሮ ማቅረብ። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የተገናኙ ቀን የተጠሪው ነገር ያበቃል።

ጥያቄ፦ የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ለቲቲፒ እንወጣለን፤ የቡድን መሪ ተደርጌአለሁ። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ተማሪዎች አብረውኝ አሉ፤ በትምህርት ዓመት የሚበልጡኝም አሉባቸው። እንዴት ልምራቸው? (ከጅማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ለሌሎች አንባቢያን ሲባል አንድ ነገር እናስቀድም። ቲቲፒ የተለያየ ሙያ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ኅብረተሰቡ ወጥተው የአካባቢውን የጤና ችግሮች ቤት ለቤት በመጠይቅ የሚያጠኑበትና ለመፍታት የሚሠሩበት ሥልጠና ነው። ሐሳቡ በአገራችን የቆየ ነው። በ1940ዎቹ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ የታሰበ ነበር። አንቺ ያለሽበት ጅማም ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ጋር በማስተሳሰር ይታወቃል።

ቡድን ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በጥናቱ አይደለም፤ በምግብ፣ በቤትና በገንዘብ ነው። ስለዚህ ሳትወጡ አንድ ሰዓት ተቀመጡና ሦስት ነገር ተስማሙ፦ መዋጮውን ማን ይይዛል፣ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ከቀበሌውና ከጤና ጣቢያው ጋር ማን ይነጋገራል። ስምምነቱ ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበት። የሚበልጡሽን በተመለከተ፣ «እኔ መሪ ነኝ» የሚለው ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ለእያንዳንዱ በሙያው ሙሉ ኃላፊነት ስጪው። የላቦራቶሪው ተማሪ የውኃ ናሙናውን ከመሰብሰብ እስከ ሪፖርት ይያዘው፤ የሕክምናው ተማሪ በዚያ ጉዳይ ከእሱ ይስማ።

መጠይቁን ከተመረጠው ቀበሌ ውጪ በ10 ቤቶች ሞክሩት፤ የማይገባ ጥያቄ የሚጋለጠው እዚያ ነው። የተሞላውን ቅጽ ደግሞ በዚያው ምሽት አንብቢ። ከሦስት ቀን በኋላ ክፍት ቦታ ብታገኚ፣ የሞላው ልጅ አያስታውስም፣ የቤቱም እማወራ ገበያ ሄዳ ትሆናለች።

መሪነትሽ ለፈተና የሚቀርበው ችግሮቹን በቅደም ተከተል ስታስቀምጡ ነው። መመዘኛዎቹን ታውቂያቸዋለሽ፦ የችግሩ ስፋት፣ ክብደቱ፣ በእጅ ባለ አቅም መፈታት መቻሉ፣ የኅብረተሰቡ ስጋት፣ የመንግሥት ትኩረት። እያንዳንዱ ከ5፣ ድምሩ ከ25። የተለመደው ስህተት ደፋር ተናጋሪው ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራቱ ነው፤ ሌላው እሱን ይከተላል። ሁሉም በየወረቀቱ ዝም ብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ ሰብስቢ፤ ልዩነቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ በሆነበት ላይ ብቻ ተከራከሩ።

አንድ ምሳሌ እንይ። የመጸዳጃ ቤት እጥረት 5፣ 4፣ 4፣ 2፣ 5 አገኘ፤ ድምሩ 20። የንጹሕ ውኃ እጥረት 4፣ 5፣ 1፣ 5፣ 4፤ ድምሩ 19። በድምሩ መጸዳጃ ቤት ይቀድማል። ነገር ግን የኅብረተሰቡ ስጋት ላይ ያለችውን 2 ተመልከቺያት። ሰዎቹ ይህን እንደ ችግር አይቆጥሩትም ማለት ነው፤ ጉድጓድ ቁፋሮ ብትጠሩ የሚመጣ አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ቁፋሮ ሳይሆን ውይይት ነው፤ ለውይይቱም ቤት ለቤት የሚያውቋቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማስቀደም ያስፈልጋል። የስጋቱን ነጥብም ቢሆን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አይስጡት፤ ነዋሪውን ጠይቃችሁ ሙሉት።

ጥያቄ፦ ለሁሉም ሥራ «ሪፍሌክሽን ጻፉ» እንባላለን፤ የሠራነውን መለስ ብለን መርምረን እንድንጽፍ ማለት ነው። እኔ ስጽፍ ወይ የቀን ውሎ ይሆንብኛል፣ ወይ ራሴን መውቀስ። ጥቅሙ አልታየኝም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥቅሙ ያልታየህ አጻጻፉን ያሳየህ ሰው ስለሌለ ይመስለናል። ስለ አንድ የክበብ ስብሰባ የተጻፉ ሁለት ማስታወሻዎችን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው፦ «ዛሬ ስብሰባ ነበረን። ጥሩ ነበር። ግን የተግባቦት ክህሎቴን ማሻሻል አለብኝ።»

ሁለተኛው፦ «11 ሰዓት የተባለው 11፡35 ተጀመረ። የደም ልገሳውን ማን እንደሚያስተባብር ጠየቅሁ። ሁሉም አቀረቀሩ። ወዲያው ‹በቃ እኔ እይዘዋለሁ› አልኩ። በዚህ መንገድ እጄ ላይ የቀረ ሦስተኛ ሥራ ነው። ዝምታው ሲረዝም እኔን የጠሉኝ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ከጠየቅሁ በኋላ በልቤ እስከ 20 እቆጥራለሁ። ካልተነሣ ሥራውን ለሦስት ከፍዬ በስም እየጠራሁ እጠይቃለሁ።»

ሁለተኛው ጸሐፊ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያደርገው ነገር አለው። የመጀመሪያው ምንም የለውም።

አሠራሩ ይህ ነው። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ 15 ደቂቃ ውሰድ። አራት ነገር ጻፍ፦ ያየሁትና የሰማሁት ምንድን ነው፤ እኔ ያደረግሁት ወይም ያልኩት ምንድን ነው፤ ያንን ያደረግሁት ምን ፈልጌ ወይም ምን ፈርቼ ነው፤ በሚቀጥለው መቼና ምን አደርጋለሁ። ሦስተኛው ይከብዳል፤ ዋጋ ያለውም እሱ ነው። የትምህርት ባለሙያው ግራሃም ጊብስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ባለ ስድስት ደረጃ የሪፍሌክሽን ዑደት (መግለጫ፣ ስሜት፣ ግምገማ፣ ትንተና፣ ድምዳሜ፣ የተግባር ዕቅድ) መምህርህ ከጠየቀህ፣ መግለጫው ከገጹ ሩብ አይበልጥ። ብዙ ተማሪ እዚያው ሰምጦ ይቀራልና።

ራስን መውቀስን ለማቆም ቅጽሉን በግሥ ተካው። «ሰነፍ ነኝ» አትበል፤ «ሐሙስ ማስገባት የነበረብኝን ደብዳቤ ሰኞ አስገባሁ» በል። ስንፍና ምኑም አይያዝም፤ የዘገየ ደብዳቤ ግን መንስኤው ይፈለጋል። በምታስብበት ቋንቋ ጻፍ፤ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ። ለመምህር የሚገባውን በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለህ። በባዕድ ቋንቋ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው የምናውቀውን ሐረግ እንጂ የሆነውን አይደለም።

በየአራት ሳምንቱ መልሰህ አንብበውና የተደጋገመውን አስምርበት። ከዚያ ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ። ያንንም ከሌላ ሰው ዓይን ጋር አስተያየው። ከስብሰባ በኋላ «እንዴት ነበርኩ?» ብትል በይሉኝታ «አሪፍ ነበርክ» ትባላለህ። ይልቅ ከስብሰባው በፊት አንድ ጓደኛህን «ዛሬ ሰው ሲናገር ካቋረጥኩ ቁጠርልኝ» በለው። ለቁጥር ይሉኝታ አይያዝም።

ጥያቄ፦ በበጎ አድራጎት ክበባችን ሴቶች ሁልጊዜ ጸሐፊ ነው የምንደረገው። ሌላ ሥራ እንዴት ልጠይቅ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቃለ ጉባኤ መያዝ በራሱ ትንሽ ሥራ አይደለም። ውሳኔውን የምትጽፊው አንቺ ስለሆንሽ ከእያንዳንዱ አጀንዳ በኋላ «ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ?» ብለሽ የማስቆም መብት አለሽ፤ ተጠቀሚበት። ነገር ግን እዚያ መቅረት የለብሽም። «ሌላ ኃላፊነት ይሰጠኝ» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ «እናየዋለን» ተብሎ ይቀራል። ቀን፣ በጀትና ሰው ያለው አንድ ሥራ በስም ጥሪ፦ «የልብስ ማሰባሰቡን እኔ ልምራው፤ ስድስት ሰው እፈልጋለሁ፤ ዕቅዱን ማክሰኞ አቀርባለሁ።» በዚያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው በየወሩ በተራ እንዲያዝ ሐሳብ አቅርቢ፣ የመጀመሪያው ተረኛም ወንድ ይሁን። ይህ አድሎ አይደለም፤ ለብዙ ጊዜ የቆየውን ሚዛን ማስተካከል ነው።

ጥያቄ፦ የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ኮሚቴ ተመርጠናል። ለመጽሔት፣ ለቲሸርትና ለዝግጅት ከ212 ተመራቂ 1,500 ብር እንሰበስባለን። ሐሜት እንፈራለን። (ከደሴ)

መልስ፦ 318,000 ብር ነው፤ ሐሜቱን መፍራታችሁ ተገቢ ነው። ሐሜት የሚነሣው ሁልጊዜ ስለተሰረቀ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለተባለ ነው።

ገንዘቡ በማንም የግል ሂሳብ አይግባ። ሦስት ፈራሚ ያለው የጋራ ሂሳብ ክፈቱ፤ ያለ ሁለት ፊርማ ወጪ አይኑር። ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው ከፈራሚዎቹ ውጪ ይሁን። በየዓርቡ አንድ ገጽ ለጥፉ፦ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ፣ የደረሰኞቹ ፎቶ። ምንም ያልተንቀሳቀሰበት ሳምንትም ይለጠፍ። መክፈል የማይችሉ ይኖራሉ፤ ስማቸው ሁለት ሰው ጋ ብቻ ይቅር፣ የእነሱንም ድርሻ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ አስቡት።

ማተሚያ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ውሉ የገጽ ብዛት፣ የኮፒ ብዛት፣ የወረቀት ዓይነት፣ የማስረከቢያ ቀንና ለዘገየ ቀን የሚቀነስ ገንዘብ ይኑረው። ቀብዱ ከግማሽ አይለፍ፤ ናሙና ሳታዩም ሙሉ ኅትመት አትፍቀዱ። መጽሔት የሚዘገየው ግን በማተሚያ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ፎቶና የመጨረሻ ቃል ሳይልኩ በሚቆዩ ተማሪዎችም ነው። መዝጊያውን ቀን ከትክክለኛው አሥር ቀን አስቀድማችሁ ንገሩ። የቲሸርት መጠንን ተማሪው ራሱ ጽፎ ይፈርምበት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና አለበት። ትዕዛዞቹ ሁሉ ከፈተናው ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ይለቁ፤ የኮሚቴው አባላትም ተፈታኞች ናቸው። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ የታቀደውንና የሆነውን ጎን ለጎን ጻፉ፦ የተገመተው ዋጋና የተከፈለው፣ የተባለው ቀንና የደረሰው፣ ለልዩነቱ ምክንያቱ። ከውሉ ቅጂ ጋር ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ በፊርማ አስረክቡት።