መልስ፦ የድሮው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ገጸ ባህሪ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) ላይ «ታኮ» እንዴት ነው የሚሰላው? 5ኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ አለኝ፤ ጥሩሩ −2 የሆነ ጠላት ግራ አጋባኝ።

ታኮ (THAC0) ጥሩሩ 0 የሆነን ጠላት ለመምታት በዳይስ ማምጣት ያለብህ ቁጥር ነው። ከታኮህ ላይ የጠላትህን የጥሩር ቁጥር ቀንስ። የቀረው በባለ 20 ገጹ ዳይስ ቢያንስ ማምጣት ያለብህ ቁጥር ነው። በቃ። ታኮ ሲባል የጫማው እንዳይመስልህ ብቻ!

አንተ የጠየቅከው 5ኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ታኮው 16 ነው። የጠላት ጥሩር 3 ከሆነ 13 ይበቃሃል። ግራ ያጋባህ −2 ላይ ግን 18 ማምጣት አለብህ፤ ቁጥሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጥሩሩ ይጠነክራል።

ይሄ የ1989ኙ የሁለተኛው እትም አካሄድ ነው። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ገለበጠው። አዲሱን ከለመድክ ሁለቱንም ከ20 ቀንስ፦ ጥሩር 3 የነበረው 17 ይሆናል፣ ታኮ 16 ደግሞ በዳይሱ ላይ የሚደመር +4። ሂሳቡ ያው ነው። አዲሱ ይቀላል፣ አልክድም። እኔ ግን የድሮው ነው የሚናፍቀኝ። በወረቀቴ ጠርዝ ላይ ከ10 እስከ −10 ላለው ጥሩር ሁሉ የሚያስፈልገኝን ቁጥር በእርሳስ እጽፍ ነበር፤ ደረጃዬ ባደገ ቁጥር እያጠፋሁ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ስትመታ ትልቅ ቁጥር ይጠቅምሃል። እንደ ውሃ ዋና ያለ ችሎታ ሲፈተን ግን ከሚመለከተው ነጥብህ (ለውሃ ዋና ጉልበት ነው) እኩል ወይም በታች ነው ማምጣት ያለብህ። ጓደኛዬ የገጸ ባህሪው ጉልበት 14 ሆኖ ወንዝ ሊሻገር 19 አወጣና ተነስቶ ጨፈረ። ገጸ ባህሪው ከነጥሩሩ ሰመጠ።