የቤይሊፉን ክፍያ ከመከራከርዎ በፊት ቅጣቱ ከየት እንደመጣ ይዩ

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ዓመት ቤት ቀይሬአለሁ። በዚህ ሳምንት ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) መጥቶ፣ ስላጣኝ በሬ ሥር ወረቀት ጥሎ ሄደ። 1,344 ፓውንድ ክፈል ይላል። ስደውል፣ መኪናዬን ማን ይነዳ እንደነበር ለፖሊስ አላሳወቅህም ተብዬ በሌለሁበት እንደተፈረደብኝ ነገሩኝ። የፍርድ ቤቱ 1,034 ነው፤ 310 ደግሞ የቤይሊፉ ነው። አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም። ጓደኞቼ «በር አትክፈት፣ ሲሰለቻቸው ይተዉሃል» ይሉኛል። መኪናዬ እንጀራዬ ናት። የቤይሊፉን ክፍያ ማስቀረት እችላለሁ?

መልስ፦ ምናልባት። ግን 310ሩን ለጊዜው ይተዉትና 1,034ቱን እንይ። የቤይሊፉ ክፍያ በፍርዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፍርዱ ከተነሳ እሱም አብሮ ይወድቃል። ክፍያውን ብቻ ይዘው ከቤይሊፉ ኩባንያ ጋር ቢጨቃጨቁ ግን፣ ቢረቱ እንኳ ቅጣቱና መንጃ ፈቃድዎ ላይ የሚመዘገበው የጥፋት ነጥብ እንዳለ ይቀራል።

የሆነው ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ካሜራ መኪናዎን አነሳ። ፖሊስ «ማን ነበር የሚነዳው?» የሚለውን ደብዳቤ ሊብሬው ላይ ወዳለው አድራሻ ላከ። ብዙ ሰው ቤት ሲቀይር መንጃ ፈቃዱን ያስተካክልና ሊብሬውን ይረሳል። ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚቀየሩት። መልስ ሲጠፋ ክሱም ወደዚያው አሮጌ ቤት ሄደ። ከዚያ አንድ ዳኛ ችሎት ሳይቀመጥ ወረቀቱን አይቶ ፈረደ። የእርስዎ ድምር ከተለመደው ስሌት ጋር ይገጥማል፤ 660 ቅጣት፣ የቅጣቱ 40 በመቶ የሆነ 264 ተጨማሪ ክፍያ፣ 110 የዐቃቤ ሕግ ወጪ። መንጃ ፈቃድዎ ላይም 6 ነጥብ አርፎ ይሆናል። ለታክሲ ሹፌር ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ኢንሹራንስ ሲያድሱ ያገኙታል።

አሁን የሚያስፈልግዎ ስታቹተሪ ዲክላሬሽን የሚባለው ቃለ መሐላ ነው። ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ክሱ ምንም አላውቅም ነበር ብለው ይምላሉ። የ1980ው የማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች ሕግ ይህን መብት ሰጥቷል። ቃለ መሐላው በትክክል ከቀረበ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም፣ ነጥቡም፣ ቤይሊፉ የያዘው ትእዛዝም ይወድቃል። ጊዜው ግን አጭር ነው። ስለ ጉዳዩ ካወቁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው ያለዎት። ካለፈ፣ ለምን እንደዘገዩ አስረድተው ፍርድ ቤቱን መለመን ይቻላል፤ እዚያ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል።

ዛሬውኑ ለፍርድ ቤቱ ይደውሉ። የጉዳዩን ቁጥር፣ የተፈረደበትን ቀንና ክሱ የተላከበትን አድራሻ ይጠይቁ። አድራሻው አሮጌው ከሆነ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአዲሱን ቤት የኪራይ ውልና የካውንስል ታክስ ደብዳቤ ያዘጋጁ። መሐላውን ፍርድ ቤት ቀርበው ወይም ጠበቃ ፊት መፈጸም ይችላሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይፈሩ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎ። የክሱ ደብዳቤ ደርሶዎት ችላ ብለውት ከነበረ አይማሉ። በሐሰት መማል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ ሁለት ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ለ1,344 ፓውንድ ብሎ እዚያ ውስጥ የሚገባ ሰው አያለሁ፤ አይገባኝም።

ፍርዱ ተነሳ ማለት ነፃ ወጡ ማለትም አይደለም። ጉዳዩ ከመነሻው ይጀምራል። «ሊብሬውን መቀየር ረስቼ ነው» የሚለው መከላከያ ብዙ ጊዜ አያስኬድም፤ አድራሻን ማሳወቅ የባለመኪናው ግዴታ ነውና። ነገር ግን ከክሱ ጋር የፍጥነት ክስም ተያይዞ ከሆነ፣ እሱን አምነው ሹፌር ባለማሳወቅ የቀረበው እንዲነሳ ዐቃቤ ሕጉን መጠየቅ የተለመደ ነው። ቀላል ፍጥነት በ3 ነጥብ ሊያልቅ ይችላል። ከ6 ጋር ያወዳድሩት።

ወደ ጓደኞችዎ ምክር ልምጣ። በር አትክፈት የሚለው ለካውንስል ታክስ (የአካባቢ አስተዳደር የቤት ግብር) ወይም ለፓርኪንግ ዕዳ ሲሆን ብዙ እውነት አለው፤ እዚያ ላይ ቤይሊፉ መጀመሪያ ሲመጣ በር ሰብሮ መግባት አይችልም። የወንጀል ቅጣት ግን ሌላ ነው። ለማጅስትሬት ፍርድ ቤት ቅጣት ሕጉ በኃይል የመግባት ሥልጣን ሰጥቶታል። በተግባር እምብዛም አይጠቀሙበትም። ቢሆንም «አይችልም» ብሎ መተማመን አደጋ አለው። ደግሞም መኪናዎ ያለችው ውጭ ነው፤ ለሷ በር መክፈት አያስፈልግም። የተከራዩዋት ከሆነች የኪራይ ውሉን ኮፒ ቶሎ ይላኩላቸው፤ የሌላ ሰው ንብረት ለእርስዎ ዕዳ አይያዝም። የራስዎ ከሆነች የሥራ መሣሪያ እስከ 1,350 ፓውንድ ድረስ ከመያዝ ነፃ ነው። ዋጋዋ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይህ አያድናትም፤ ቃለ መሐላው እስኪፈጸም ከቤትዎ ራቅ አድርገው ያቁሟት።

ክፍያውስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ደንብ ለመጀመሪያው ደብዳቤ 75፣ ቤት ድረስ ሲመጡ 235 ፓውንድ ብሎ ወስኗል። የእርስዎ 310 ከዚያ ነው የመጣው። ቤት ባያገኙዎትም 235ቱ ይታሰባል። ግን ከመምጣታቸው በፊት፣ እሑድና የበዓል ቀን ሳይቆጠር፣ የ7 ሙሉ ቀን ማስጠንቀቂያ ወደሚኖሩበት ቤት መላክ ነበረባቸው። እሱም ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ ከሆነ የ235ቱ መሠረት ይናጋል። ማስጠንቀቂያው የት፣ መቼ እንደተላከ በኢሜይል ይጠይቋቸው። በስልክ የተባለ ነገር ነገ አይገኝም። በዚያው ኢሜይል ቃለ መሐላ ለመፈጸም ቀጠሮ እንደያዙ ገልጸው እስከዚያ እንዲታገሱ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ለፍርድ ቤቱ ይንገሩ።

ገንዘቡን በቀጥታ ለፍርድ ቤት ከፍዬ ቤይሊፉን ልዝለለው የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ አይሠራም። ትእዛዙ እጃቸው ከገባ በኋላ ክፍያቸው ከዕዳው ጋር ይቆጠራል።

ክሱን ያውቁ ከነበረ ዋናው መንገድ ይህ ነው፤ ገቢና ወጪዎን ጽፈው በየወሩ ልክፈል ብለው የቤይሊፉን ኩባንያ መጠየቅ። ሕመም፣ እርግዝና ወይም ሌላ ከባድ ችግር ካለ መጀመሪያ እሱን ይንገሯቸው፤ ምክር የሚያገኙበት ጊዜ ሳይሰጡዎት 235ቱን ማስከፈል አይችሉም። ደብዳቤ በመጻፍ ሲቲዝንስ አድቫይስና ናሽናል ዴትላይን በነፃ ያግዛሉ።