የአያቷን መቁጠሪያ የምትጎትተው ልጅ

«የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ዓመት ከአስር ወሯ ነው። ቤት ውስጥ ሳቂታ ናት። አማቴ ለጥምቀት ከመሐል ሜዳ መጥተው ነበር። ውጭ አገር ያለው የባለቤቴ ወንድም ‹እማማን ከልጅቷ ጋር ፎቶ አንሡና ላኩልኝ› ስላለን፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሁላችንም ፎቶ ቤት ሄድን። ቀጠሯችን ሰባት ሰዓት ነበር፤ ወረፋ ስለነበር የገባነው ስምንት ተኩል ነው። ሹራቧን አውልቀን የጥምቀት ቀሚሷን አለበስናት። ካሜራው ፊት ስናቆማት ቤቱን በለቅሶ ቀወጠችው። ባለቤቴ መጀመሪያ ለመናት፣ ከዚያ ተቆጣት፣ በመጨረሻ ጭኗን ቆነጠጣት። ሰው ፊት ‹አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት› አለኝ። አማቴ ‹ተዉ፣ ዓይን ነው› ሲሉ እኔም በንዴት ‹ዓይን የሚባል ነገር የለም፣ እባክዎ ይተዉን› አልኳቸው። በነጋታው ወደ አገራቸው ሄዱ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን፣ ከባለቤቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም። ከአርባ ምናምን ፎቶ ልጄ ያላለቀሰችው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው መብራት ሲሞክር የተነሣ ነው። እዚያም ላይ ወደ ካሜራው አታይም፤ የአያቷን መቁጠሪያ እየጎተተች ነው። ባለቤቴ ‹ይሄማ አይላክም› አለ። ልጄ ችግር አለባት? ወይስ ችግሩ እኔ ነኝ?»

እህቴ፣ ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስ። ስሟን ስትጠሪያት ዞር የማትል፣ ዓይናችሁን የማታይ፣ የምትፈልገውን በጣቷ የማታሳይ ቢሆን ኖሮ ለሐኪም አሳዩዋት እልሽ ነበር። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ከአያቷ ጋር ስለምትጫወት ሳቂታ ልጅ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው ደግሞ የለቅሶዋን ምክንያት ራስሽ ጽፈሽው አገኘሁት። ሰዓቱን እዪው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ በሰባት ሰዓት ምን ታደርጋለች? ትተኛለች። እናንተ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ አስጠበቃችኋት። ከዚያ በጥር፣ ያውም በደብረ ብርሃን፣ ሹራቧን አወለቃችሁባት። (የከተማዋን የጥር ውርጭ የማያውቅ አንባቢ ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው ይችላል።) በዚያ ላይ አንድ የማታውቀው ሰውዬ ፊቱን በጥቁር ነገር ጋርዶ መብራት ቦግ አደረገባት። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በፈረንጆቹ 1985 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት መስተዋት የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። ከመስተዋቱ በታች፣ በአንዱ በኩል ወለሉ ድንገት ዝቅ ስለሚል ትንሽ ገደል ይመስላል። ሕፃኑ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። እናቲቱ ፊቷን ስታፈካ ከ19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። ፊቷ ላይ ፍርሃት ስታሳይ ግን ከ17ቱ አንድም የተሻገረ አልነበረም። የአንቺም ልጅ ግራ ሲገባት ያየችው ፊታችሁን ነው። አፋችሁ «ሳቂ፣ ሳቂ» ይላል፤ ፊታችሁ ጭንቅ ብሎታል። የቱን ትመን?

መሞላቀቅ የሚባለውን ነገር ተዉት። በዚህ ዕድሜ «እምቢ» ማለት ገና የተገኘ ትልቅ ሥልጣን ነው። ሲደክማትና ሲበርዳት ራሷን የምታረጋጋበት አቅም ደግሞ ገና አልበሰለም፤ የሚያረጋጋት ሰው ያስፈልጋታል።

ቁንጥጫውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ልጅቷ ከቁንጥጫው የምትማረው ያ ጥቁር ነገር ሲመጣ አባቷም እንደሚለወጥ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ካሜራ ስታይ የባሰ ታለቅሳለች። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት። «አየህ፣ ባለሙያውም በአንተ ፈረደ» ለማለት ከሆነ ግን ይቅር።

እሱም ቢሆን ያን ቀን የተሸከመው ነገር ነበረው። እናቱ እያረጁ ነው። ወንድሙ ከሩቅ ፎቶ እየጠበቀ ነው። የዚያ ፎቶ ትርጉም «እማማ ደህና ናቸው፣ ቤታችንም ሞልቷል» የሚል መልእክት ይመስለኛል። መልእክቱ በለቅሶ ሲበላሽበት፣ ሰውም ሲያይ፣ አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ያገኘው ላይ ነው የሚጮኸው። ይህ ጥፋቱን አያቃልልም። ማታ ልጅቷ ስትተኛ «ሰው ፊት እንደዚያ ስትለኝ በጣም ተሰማኝ» በዪው። ከዚያ «አንተስ ያን ቀን ስለ እማማ ምን እያሰብክ ነበር?» ብለሽ ዝም በዪ። ቶሎ ባይመልስም ጠብቂው።

አሁን ወደ አማትሽ። እኔም እንዳንቺ ለልጅ ለቅሶ ዓይንን ምክንያት አላደርግም። አነጋገራቸውን ግን ልብ ብለሽ ስሚው። ልጅቷ «ሞልቃቃ»፣ አንቺ «አሞላቃቂ» ስትባሉ፣ እሳቸው መሃል ገብተው ጥፋቱን ከሁለታችሁም ላይ አነሡና ደጅ ላለ ሰው ሰጡት። ያን ቀን ከጎንሽ የቆመ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ! አንቺ ደግሞ የመለስሽላቸውን ታውቂዋለሽ። ደውዪላቸው። ለዚህ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። «እማማ፣ በንዴት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» ካልሽ ይበቃል። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ስጫት። ባታወራም ትንፋሿን ይሰማሉ።

ሌላ ጊዜ ሲመጡ ፎቶውን ቤት አንሡት። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ጠግባና ተኝታ ስትነሣ፣ ፀሐይ የምትሞቁበት ቦታ ላይ ባና አንጥፉና ሁላችሁም ተቀመጡ። ሹራቧን እንደለበሰች ትሁን። ቀሚሱ ከሥር ብቅ ካለ ምን ጎደለ? የምታውቀው ሰው በስልክ ያንሣችሁ፤ ያለ ፍላሽ፣ በእሷ ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ። «ወደዚህ እዪ» የሚላት አይኑር። አማትሽ በነጠላቸው ተከልለው «ኩኩሉ» ይበሏት፤ «አልነጋም» የሚላት ሰው ካለ ሳቁ በራሱ ይመጣል። በተከታታይ ብዙ ያንሣ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ አይጠፋም። ስትሰለች በቃ፣ ተዉት። (አያቶች ከኪሳቸው ቆሎ ማውጣት ይወዳሉ። ለዚህ ዕድሜ ትን ሊል ይችላልና ለስላሳ ዳቦ ይተኩበት።) ደስ እንዲላቸው «እንትፍ እንትፍ» ብለው ከመረቋትም እሰየው።

ደግሞ የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎቻችንን አስታውሺ። እናት ነጠላዋን አስተካክላ፣ አባት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሕፃኑም ኮስተር ብሎ። ማን ሳቀ? ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እናያቸዋለን።

ያንን «አይላክም» የተባለውን ፎቶ ደግሞ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ እንደገና እዩት። ወንድሙ የጠየቀው «እማማን ከልጅቷ ጋር» ነው። ፎቶው ላይ ያሉት እማማ ናቸው፣ ልጅቷም አለች፣ መቁጠሪያውም በመሃላቸው። ለእሱ ዛሬውኑ ላኩለት። አንድ ደግሞ አሳጥቡና ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ሰው ስታገኙ ለአማትሽ ላኩላቸው። መስተዋት ያለው ፍሬም ውስጥ ይሁን፤ ጭስ ፎቶ ያበላሻል።