የሌላውን ሞት በስልክ ማየት ሞትን ማሰብ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። እኛ ሾፌሮች ባለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ሰዎች በአደጋ ሲሞቱ የሚያሳዩ እውነተኛ ቪዲዮዎች በየጊዜው ይላካሉ። እኔም አያቸዋለሁ፤ «ነፍስ ይማር» ብዬም ለሌሎች አስተላልፋለሁ። ይህን የማደርገው ሞትን እንዳስብና በጥንቃቄ እንድነዳ ይረዱኛል ብዬ ነው። ጌታችንም ቢሆን የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን ሰዎች አንሥቶ አስተምሯል። ባለቤቴ ግን «ኃጢአት ነው፣ ስልክህን አጽዳ» ትለኛለች። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ ባለቤትህ ያለችው ትክክል ነው። ጥያቄህ ከቅን ልብ እንደ መጣ ከአጠያየቅህ ያስታውቃል፤ ይሁን እንጂ «ሞትን ያሳስበኛል» የሚለውን ምክንያት ከብዙ ምእመናን፣ በተለይም ከወጣቶች፣ ደጋግሜ የሰማሁት ስለ ሆነ፣ መልካም መስሎም ስለሚያስት፣ መልሱን ላድበሰብሰው አልፈልግም።

አባቶቻችን ሞትን እንድናስብ ማዘዛቸው እውነት ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 7 ፍጻሜውን የሚያስብ ሰው ከበደል እንደሚጠበቅ ይናገራል። ነገር ግን አስብ የተባልኸው የራስህን ፍጻሜ ነው። መነኮሳት በበኣታቸው ተወስነው ስለ ሞት ሲያለቅሱ፣ የሚያለቅሱት በፈጣሪ ፊት ስለምትቆመው ስለ ገዛ ነፍሳቸው ነው። በስልክህ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው፤ መኪናው ይገለበጣል፣ ሰው ይወድቃል፣ ቪዲዮው ያልቃል፣ አንተም ምንም ሳትሆን በተቀመጥህበት አለህ። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ልብህ የሚማረው ሞት የሌሎች ዕጣ እንደ ሆነ ነው፤ ይህም ሞትን ከማሰብ ጋር የሚቃረን ስውር ድፍረት ነው። እስኪ ራስህን መርምር፤ እነዚህን ምስሎች ካየህ በኋላ ወደ ንስሐ አባትህ የሄድህበት፣ ከተጣላኸው ሰው የታረቅህበት፣ የሰው ገንዘብ የመለስህበት ቀን አለን? ወይስ ከአንዱ ወደ ሚቀጥለው ነው ያለፍኸው? መጀመሪያ ያየህ ጊዜ ፊትህን አዙረህ ከነበረ፣ ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው የምታይ ከሆንህ፣ በመካከል የተለወጠው ምን እንደ ሆነ አስተውል። ሐዘኔታህ ቀነሰ እንጂ ፍርሃተ እግዚአብሔርህ አልጨመረም።

ስለ ሰሊሆም ግንብ ያነሣኸውን ደግሞ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቀስ ብለህ እንደገና አንብበው። ሰዎች ወደ ጌታችን መጥተው፣ ጲላጦስ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ጋር ስላደባለቀው ስለ ገሊላ ሰዎች አወሩለት፤ እርሱም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ጨምሮ አነሣ። ግንቡ እንዴት እንደ ፈረሰ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደ ጮኹ፣ ገላቸው ምን እንደ ሆነ ግን አንዲት ቃል አልተናገረም። የተናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሟቾቹ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች አለመሆናቸውንና ሰሚዎቹ ራሳቸው ንስሐ መግባት እንዳለባቸው። የአድማጮቹን ዓይን ከሟቾቹ ላይ አንሥቶ ወደ ራሳቸው መለሰው ማለት ነው። የእናንተ ቪዲዮዎች ግን ዓይንን በሟቹ ላይ ይተክላሉ። ከቪዲዮዎቹ ሥር የሚጻፈውን አስተያየት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ አንዱ «ሰክሮ ነው» ይላል፣ ሌላው «ምን ሠርቶ ይሆን» ይላል፣ ሦስተኛው «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ጌታችን «አይደለም፣ እላችኋለሁ» ብሎ የገሠጸው በትክክል ይህን አሳብ ነው።

ከማየቱ ይልቅ እጅግ የሚከብደው ግን ማስተላለፉ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆጣህ ይገባኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ካም የአባቱን ዕራቁትነት እንዳየ ተጽፏል፤ መጽሐፍ ግን «አየ» ብሎ አላበቃም፤ «ወደ ውጭም ወጥቶ ለሁለቱ ወንድሞቹ ነገራቸው» ይላል። ሴምና ያፌት ሸማ በጫንቃቸው አድርገው፣ እንዳያዩም የኋሊት እየሄዱ፣ አባታቸውን አለበሱ። ኖኅ እንኳ ወይን ጠጥቶ ነበር የተራቆተው፤ በአስፋልት ላይ ልብሱ ተገፎ፣ አካሉ ተሰባብሮ የወደቀው ወገንህ ግን ራሱን ሊሸፍን የማይችል፣ «አትቅረጹኝ» ብሎ ሊለምን የማይችል ሰው ነው። ያ ገላ በጥምቀት የተወለደ፣ ቅብዐ ሜሮን የተቀባ፣ ምናልባትም ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ገላ ነው። ክርስቲያን ባይሆንም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነው። «ነፍስ ይማር» የሚለው ጸሎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ለነፍሱ ምሕረት እየለመኑ ሥጋውን ለአደባባይ መስጠት እንዴት አብሮ ይሄዳል?

ቤተ ክርስቲያን ሥጋን እንዴት እንደምታከብር ከራሳችን አገር ላስታውስህ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ለመገነዝ የሚሆን አስከሬን አልተገኘም፤ ለቤተሰቦችም ከአደጋው ስፍራ የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው። እንደዚያም ሆኖ በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17 ኢትዮጵያውያን ባዶ ሣጥኖች ቀርበው ሥርዓተ ቀብሩ ተፈጸመ። ሥጋ በሌለበት እንኳ ክብሩ አልቀረም። እኛ ግን ሥጋው እያለ ገና ሳይገነዝ በሺህ ለሚቆጠር ተመልካች እንበትነዋለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ የመርዶው ነገር ነው። በሕዝባችን ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ልጇ የሞተባት እናት በስልክ አይነገራትም፤ ዘመድና ጎረቤት ሌሊቱን ይመካከራል፣ የልብ ድካም እንዳለባት ይጠየቃል፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን አጠገቧ ቆሞ እንደሚይዛት ይወሰናል፣ ከዚያም ማለዳ ሽማግሌዎች ከንስሐ አባቷ ጋር ወደ ደጇ ይሄዳሉ። ይህ የወግ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፤ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» የሚለው ሐዋርያዊ ቃል በእኛ አገር የሚፈጸምበት መንገድ ነው። አንተ የምታስተላልፈው ቪዲዮ ግን ሽማግሌዎቹን ይቀድማቸዋል። እኅቱ በሥራ ቦታዋ፣ ልጁ በትምህርት ቤት፣ ወንድሙ በሳዑዲ ወይም በአሜሪካ ሆኖ፣ አጠገቡ አንድም የሚደግፈው ሰው ሳይኖር፣ የመኪናውን ታርጋ ወይም የለበሰውን ጃኬት አይቶ ይለያል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ወገኖቻችን በሊቢያ በተሠዉ ጊዜ በአዲስ አበባ ቂርቆስ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የለዩት ከተሰራጨው ምስል ነበር። የዚያ መርዶ ጭካኔ የገዳዮቹ ሥራ ነው፤ የአደጋ ቪዲዮ የሚበትን ሰው ግን ያንኑ መርዶ ሳያስበው በገዛ እጁ ያደርሳል። ያስተላለፍኸው ቪዲዮ ወደ ማን እንደሚደርስ አንተ አታውቅም፤ የአለማወቅህ ዕዳ የሚከፈለው ግን በሌላ ሰው ዕንባ ነው።

ምናልባት «የሰማዕታትን ገድል እናነብብ የለምን? የስቅለቱንስ ሥዕል እንሳለም የለምን?» ትለኝ ይሆናል፤ ብዙዎች ይህን ያነሣሉ። ሰማዕቱ ሞቱን ለምስክርነት ወድዶ ሰጥቷል፤ ጌታችንም ነፍሱን በፈቃዱ አኑሯል፤ ቤተ ክርስቲያንም ያንን የምታቀርበው ከትንሣኤ ተስፋ ጋር በጸሎትና በስግደት መካከል ነው። በአደጋ የሞተው ሰው ለአንተ ትርኢት ይሆን ዘንድ ምንም አልሰጠም።

ማየት ሁሉ ክፉ ነው እያልሁህ አይደለም። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን አይቷል፤ ካህኑና ሌዋዊውም አይተውታል። የሳምራዊው ማየት እግሩንና እጁን ወደ ቁስለኛው አስከተለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ሰዎችን ሲቀብር፣ ያዩት ጎረቤቶቻቸው ሊያወጧቸው ሮጡ፤ ከነርሱም ብዙዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። የሌላውን ሞት አይቶ ነፍሱን ስለ ወንድሙ ያኖረ ሰው ምን እንደሚመስል ከፈለግህ የጎፋን ገበሬዎች አስብ።

እንግዲህ የምመክርህ ይህ ነው። በስልክህ ያለውን ሁሉ አጥፋ፤ ያስተላለፍኸውንም ከግሩፑ ላይ መሰረዝ የምትችለውን ሰርዝ። ልማዱ ከጸናብህ ለንስሐ አባትህ ሳታፍር ንገራቸው፤ ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን» ያለውን የሚጨምር ቀኖና እንዲሰጡህ ጠይቃቸው። ስሙን ስለማታውቀው ሟች ለመጸለይ ምስሉ አያስፈልግህም፤ አደጋ መድረሱን በሰማህ ጊዜ ቆመህ «አቤቱ፣ የአገልጋዮችህን ነፍስ አሳርፍ» ብትል እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃል።

ሥራህ በመንገድ ላይ ስለ ሆነ አደጋ ከደረሰበት ቦታ ቀድመህ የምትደርስበት ቀን ይኖራል። ያን ጊዜ ስልክህ ለ907 አምቡላንስ ይደወልበት፤ የቆሰለውን በአግባቡ እርዳ፣ የሞተውን በጋቢህ ወይም በነጠላህ ሸፍን፣ የሚቀርጹትንም በትሕትና፣ ካልሰሙህም በጽናት ከልክል። መኪናህ ላይ ያለው ካሜራ አደጋውን ቀርጾት ከሆነ ለትራፊክ ፖሊስ መስጠት ግዴታህ ነው፤ እውነት እንዲታወቅ የሚረዳ ምስክርነት እንጂ ኃጢአት አይደለም፤ ከዚያ ውጭ ግን ለማንም አትስጥ። ለሾፌር ወንድሞችህ ማስጠንቀቂያ እንዲደርስ የምትፈልግ ከሆነም፣ አደጋው የደረሰበትን ቦታ፣ መንገዱ የሚያዳልጥ ወይም ጠመዝማዛው አደገኛ መሆኑን፣ ፍሬን ወይም ጎማ ምክንያት ሆኖ እንደ ሆነም ያንኑ በሁለት መስመር ጻፍላቸው፤ ለጥንቃቄ የሚጠቅመው ይኸው ነው።