ቀኑን ጻፉት

ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? እዚህ ደብረ ብርሃን ክረምቱ ወጥቷል፣ የጠዋቱ ብርድ ጀምሯል። ይህን የምጽፍላችሁ ሰሞኑን ከሩቅ አገር መጥተው በላያችን የሚያልፉት ንስሮችና ሌሎች ወፎች ሳታዩዋቸው እንዳያልፉ ብዬ ነው።

እኔ የመብራት መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ሰሜን ሸዋን ያየሁት ፖል ላይ ሆኜ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር፣ ከአንኮበር ደጋ እስከ አልዩ አምባ ቆላ። መብራት ሲቋረጥ መንስኤውን ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ላይ መንስኤውን አንዳንዴ እዚያው ፖሉ ሥር ወድቆ አገኘዋለሁ። ትልቅ ንስር፣ የክንፉ ጫፍ የተቃጠለ። መዝገቡ ላይ «የወፍ ንክኪ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ስኒውን፣ ማለትም ሽቦውን ከብረቱ ለይቶ የሚይዘውን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዕቃ አያለሁ፣ ፊውዙን እቀይራለሁ፣ መብራት ሲመጣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነ አልጻፍኩም። ስንት እንደነበሩም አልጻፍኩም። ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም፣ የጠየቀኝም የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ያ ሁሉ ዓመት እንዲሁ አለፈ። ይቆጨኛል።

ትንሽ ወፍ ሽቦ ላይ ብትቀመጥ ምንም አትሆንም፣ ሁለቱም እግሮቿ አንድ ሽቦ ላይ ናቸውና። ንስር ግን ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ይደርሳል። በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ስኒው የተተከለበት ብረት ላይ ያርፍና ሊነሳ ሲል ክንፉ ሽቦውን ይነካል፤ ብረቱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። በቃ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ስኒው አጠገብ ያለውን ሽቦ በፕላስቲክ መሸፈን፣ ወይም ሽቦው ከብረቱ በታች እንዲንጠለጠል አድርጎ መሥራት ነው። ከእናንተ መካከል ኤሌክትሪክ የምትማሩ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ወጣት አስጎብኚ ከፖል ሥር የወደቀ ንስር አይቶ መኪናውን አቆመ። አጎንብሶ የአፉን ጠርዝ አሳየኝ። ቢጫው መስመር እስከ ዓይኑ መጨረሻ ድረስ ይሄዳል። «ጋሼ፣ ይሄኮ የአገራችን ንስር አይደለም፤ የስቴፕ ንስር ነው፣ ከካዛክስታን ወይም ከሩሲያ የመጣ» አለኝ። ስንቱን እንደዚህ ረግጬ እንዳለፍኩ ሳስብ ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው መንገዳቸውን የተማርኩት። እነዚህ ትልልቅ ወፎች ብዙ ክንፍ አያራግቡም። መሬቱ ሲሞቅ የሚነሳውን አየር ይዘው እየዞሩ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ እየተንሸራተቱ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ ውኃው የሚጠብበትን ቦታ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹ በየመን በኩል መጥተው በባብ ኤል መንደብ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ ወቅት እዚያ ዳርቻ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ አሞሮች መዝግበዋል። ከዚያ ወደ አፋር ሜዳና ወደ ስምጥ ሸለቆው ይዘልቃሉ፣ እኛ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ገደል አፋፍ ላይ ነን። የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው ተብሏል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያው የመብራት መስመር ነው።

ሁሉም ከሩቅ የመጣ አይምሰላችሁ። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን አይደል? የመስቀል ወፍ ከምንላቸው ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ወንዶቹ ለመራባት በክረምቱ ዝናብ ደማቅ ላባ ያወጣሉ፣ ቀይ በጥቁር ወይም ቢጫ በጥቁር፤ ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቶቹ ቡኒ ስለሚሆኑ ዓይናችን ይስታቸዋል። እንግዳዋስ? ላሞቻችሁ እግር ሥር ጭራዋን እያወዛወዘች ዝንብ የምትለቅመውን ሆደ ቢጫ ወፍ እዩ። እሷ ናት ባሕር ተሻግራ የመጣችው። የታረሰ መሬት ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ስትነሳ ከጭራዋ በላይ ነጭ የሚታይባት ወፍም እንዲሁ፤ የእሷ ዘመዶች ከአላስካ ተነስተው ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ያያችሁትን ጻፉ። ስሙን ባታውቁም ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደነበሩ፣ ወዴት እንደሄዱ። «ትልቅ ቡናማ ንስር፣ ክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ መስመር ያለው» ብትሉ ይበቃል፣ የሚያውቅ ሰው ወጣት የስቴፕ ንስር መሆኑን ከዚያ ያገኘዋል። ፖል ሥር የሞተ ካገኛችሁ ሽቦውን ሳትጠጉ ፎቶ አንሱና የፖሉን ቁጥር ያዙ። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ የተጻፈበትን ፊደልና ቁጥር አንድም ሳታስቀሩ ገልብጡ። ስልክ ያላችሁ ኢበርድ የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ ነፃ ነው፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይመዘግባል። ስልክ የሌላችሁ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃችኋል።

የአንኮበሯን ትንሽ ቡናማ ወፍ አስቡ። አያቶቻችን ገደሉ ላይ ሲያይዋት ኖረዋል። ሳይንስ ስም የሰጣት ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ ያውም ሌላ ሰው መጥቶ ስለጻፈላት። ዛሬ በስሟ የአንኮበርን ስም ተሸክማ በዓለም ትታወቃለች።

እኔ በጥቅምት ቅዳሜ ቅዳሜ ጣርማበር፣ ከዋሻው በላይ ካለው አፋፍ ላይ አለሁ። ጉሙ ካልተገፈፈና ፀሐይ ካልሞቀ ስለማይነሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መምጣት አያስፈልግም። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ እዚያ ነፋሱ ይበርዳል። ባይኖኩላር እኔ ጋ አለ፣ ተራ በተራ እናያለን። ደብተርና እርሳስ ግን እያንዳንዳችሁ ይዛችሁ ኑ።