ገሃነም የት ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ ሲኦል፣ ስለ ገሃነምና ስለ ተረገሙ ቦታዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተራ በተራ እንሂድ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ገሃነም እዚሁ ምድር ላይ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ስሙ የቦታ ስም ነው፤ እሱ እውነት ነው። ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ምዕራብ የሄኖም ልጅ ሸለቆ አለ፤ ገሃነም የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ሸለቆ ስም ነው። በይሁዳ ነገሥታት ዘመን እዚያ ቶፌት የተባለ መሠዊያ ነበር፤ ሰዎች ልጆቻቸውን በእሳት ይሠዉበት ነበር። ንጉሡ ምናሴ እንኳ የገዛ ልጆቹን በዚያ በእሳት አሳልፏል (2 ዜና መዋዕል 33)። የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ቦታውን አረከሰው፣ ማንም እንዳይሠዋበት። ኤርምያስ ደግሞ «የእርድ ሸለቆ» ይባላል ብሎ ተነበየ። መሬቱ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም እንግዲህ። ያስረገመው ሰው የሠራበት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የሰማነው ግን እሳት የማይጠፋበት የከተማው ቆሻሻ መጣያ ስለነበር ነው ተብሎ ነው።

መልስ፦ ስንት ስብከት ላይ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ! የጥንት ምስክር ግን የለውም። ወሬውን የምናገኘው ረቢ ዳዊት ቂምሒ የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ መዝሙር 26ን (በዕብራይስጡ 27) ሲተረጉም ነው። ከኢየሱስ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም ፈረንሳይ አገር ተቀምጦ። ሸለቆው አፋፍ ላይ የተቆፈረውስ? የመቃብር ዋሻ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ጋብሪኤል ባርካይ የመራው ቁፋሮ ከዚያ ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅልሎች አወጣ። የተጻፈባቸው ከዘኍልቍ 6 የምናውቀው የካህናት ቡራኬ ነው። በተረገመው ሸለቆ አናት ላይ ቡራኬ! እሳቱን ለማስረዳት ቆሻሻ መፈለግ አያስፈልግም፤ የቶፌት እሳት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሲኦልና ገሃነም አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። በብሉይ ኪዳን ሲኦል የሙታን ሁሉ መውረጃ ነው። ያዕቆብም ዮሴፍ ሞተ ሲሉት እያዘንኩ ወደዚያ እወርዳለሁ ብሏል። ገሃነም የፍርድ ቦታ ነው፤ ኋላ የመጣ ሐሳብ ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፈ ሄኖክስ ምን ይላል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች የተገኘው አራማይኩ ቁርጥራጭ ነው። ምዕራፍ 22 ላይ ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ የሙታን ነፍሳት ፍርድ የሚጠብቁባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያያል። ጻድቃንና ኃጥአን ተለያይተዋል፤ ለጻድቃኑ የውኃ ምንጭ አላቸው። የሉቃስ 16ን ባለጠጋና አልዓዛር ያነበበ ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ምዕራፍ 26 እና 27 ላይ ደግሞ ከተቀደሰው ተራራ አጠገብ አንድ ሸለቆ ያይና «ይህስ ምንድን ነው?» ይላል። ዑራኤል ለዘላለም ለተረገሙት የተዘጋጀ መሆኑን ይነግረዋል። ስሙን አይጠራም፤ አቀማመጡ ግን የኛው የሄኖም ሸለቆ ነው። ከወደቁት መላእክት አንዱ አዛዝኤል ግን ለብቻው ነው የታሰረው። ሩፋኤል እጅና እግሩን አስሮ በምድረ በዳ፣ ዱዳኤል በሚባል ቦታ፣ በጨለማ ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ አይሁድ ቅጣቱ ማለቂያ የለውም ብለው ያምናሉ?

መልስ፦ ሁሉም አንድ ዓይነት አላሰበም። ሚሽና በተባለው የረቢዎች ሕግ ስብስብ ውስጥ የኃጥአን ፍርድ በገሃነም 12 ወር ነው የሚል አለ። ልጅ ለሞተ ወላጁ ካዲሽ የተባለውን ጸሎት የሚለው 11 ወር የሆነው ለዚህ ነው፤ 12 ቢሞላ አባቱን ኃጥእ ነው እንዳለ ይቆጠራል። ከክርስቲያኖችም የጥንቱ ሊቅ ኦሪጀን እሳቱ የሚያነጻ ነው ብሎ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ኋላ አወገዘችው።

ጥያቄ፦ በርስ አለው?

መልስ፦ ሚሽናን የሚያብራራው የረቢዎች መጽሐፍ ታልሙድ ሦስት ይላል፦ በምድረ በዳ፣ በባሕርና በኢየሩሳሌም። የኢየሩሳሌሙ በሄኖም ሸለቆ፣ ጢስ በመካከላቸው በሚወጣ ሁለት የዘንባባ ዛፎች አጠገብ ነው ይላል።

ጥያቄ፦ ኢየሩሳሌም ነው ያለሁት። አኬልዳማን ማየት ይቻላል? ወይስ ይከለከላል?

መልስ፦ አኬልዳማ፣ በይሁዳ ብር የተገዛው «የደም መሬት»፣ በትውፊቱ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ የግሪክ ኦርቶዶክስ ገዳም አለበት። በእግር ከጽዮን ተራራ ቅርብ ነው። ወደ ገዳሙ ለመግባት ግን ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂ።